ለአቶ ሂሩማ የታሰረው ቋጠሮ

ኦክቶበር 4

ደስታ ሲይዘኝ ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ያንቀኛል። ባለቤቴ ጋዜጣው ውስጥ ተደብቋል፤ አማቴ እማማ ኪኑ ሬዲዮናቸውን ከፍ አድርገዋል። ስለዚህ ደብተሬ፣ አንተው ስማኝ።

እማማ ኪኑ ዛሬ ማስቲካውን ሮዝ አደረጉት!

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምሠራው የጥርስ ሕክምና ምርምር ደጋፊዎች ማኅበር ውስጥ ነው። ስሙ ይርዘም እንጂ ማኅበሩ ማለት ከጥርስ ሐኪሙ ከዶክተር ኩዋባራ ክሊኒክ በላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ አንድ ምድጃ እና እኔ ነን። ስልክ አነሳለሁ፣ በራሪ ወረቀት አሳትማለሁ፣ ለምርምሩ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ ሻይ እቀዳለሁ፤ ሰጪ ሲጠፋ ደግሞ እየዞርኩ እለምናለሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ግን የዶክተር ሴኪን ሥራ ለከተማው ሰው እንደ እኔ የሚያስረዳ የለም፤ ሰው ባይጠይቀኝም አስረዳለሁ።

ዶክተር ሴኪ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ ጥርሳቸው አልቆ በሩዝ አጥሚት የሚኖሩ ሽማግሌዎች ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው በየጊዜው ቢስተካከልላቸው፣ አፋቸውንም ቢያሠለጥኑ፣ ወደ ደህና ምግብ ይመለሳሉ ወይ? ሦስት ዓመት ይፈጃል ብላለች፤ ሁለቱ አልፏል። መመዘኛዋ ማስቲካ ነው። አረንጓዴ ሆኖ አፍ ይገባል፤ በደንብ ያላመጠ ሰው ቀይ አድርጎ ይተፋዋል። እማማ ባለፈው ዓመት ሲተፉት እንደ ገባ ወጣ፣ ቅጠል! ዛሬ ግን ዳር ዳሩ ሮዝ። አጨበጨብኩ።

«ምን ያስጨበጭብሻል? ዝንጀሮ ዘለለልሽ?» አሉኝ።

ኦክቶበር 9

የማኅበሩ የማስተዋወቂያ ቀን ነበር። አዳራሹ ጢም አለ! ባለቤቴ «ምሳ ስላለ ነው» ይላል። ቅናት ነው።

አቶ ሂሩማም መጡ። የሂሩማ የሩዝ ብስኩት ፋብሪካ ባለቤት ናቸው፤ በዚህ ከተማ የእሳቸውን ደረቅ ብስኩት፣ ሴንቤ፣ ሳይቆረጥም ያደገ የለም። የምርምሩን ወጪ እስካሁን የሸፈኑት እሳቸው ናቸው፤ የሦስተኛውን ዓመት የሚወስኑት በዓመቱ መጨረሻ ነው። እሳቸው ካቆሙ ሌላ ሰጪ የለንም፤ ሥራው መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። «የሰው ጥርስ ካለቀ የእኔም ገበያ አለቀ» ይላሉ ሲቀልዱ። ራሳቸው ሴንቤውን ሻይ ውስጥ ነክረው፣ ጠብቀው፣ ልስልስ ሲል ነው የሚበሉት። ጣዕም የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው። እኔም በግራ በኩል ቀስ አድርጌ ቆረጠምኩ።

ከንግግሩ በኋላ ዶክተር ሴኪን ጠሯት። «የሴንቤው እሽግ ላይ አንድ ነገር ላስጽፍ ነው። 'የሚቆረጥም ሰው አይረሳም፤ በሳይንስ የተረጋገጠ።' እንዴት ነው?»

«ይቅርታ ሂሩማ ሳን፣ እሱን አላረጋገጥኩም። የማጠናው ማላመጥን ነው፤ መርሳትን አይደለም» አለች፣ «ሳን» ብላ አክብራቸው።

«ትንሽ እንኳን?»

«ትንሽም።»

እኔ ቶሎ ብዬ ሻይ ቀዳሁ፤ ስለ አየሩም አወራሁ፤ ስለ ዘንድሮ ሩዝም አወራሁ። ያዳንኩት ይመስለኛል።

ኦክቶበር 11

ዶክተር ኩዋባራ «ነገሩ እንዲለዝብ ለአቶ ሂሩማ የምስጋና ስጦታ ግዢ» አሉኝ። የሸክላ ሻይ ማፍያ ገዛሁ፤ ሆዱ ድብልብል ያለ፣ ሲያዩት የሚያስቅ። የመጠቅለያ ሱቋ ልጅ ደግሞ ጆሮ የሰጣት ናት! የእህቴን ልጅ ሠርግ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት፤ የሙሽራዋን ልብስ፣ የሙሽራውን ቁመት፣ ሁሉን። መሐል ላይ «ነገሩ የሚደጋገም ነው ወይስ የአንድ ጊዜ?» አለችኝ።

«የአንድ ጊዜ ነው እንጂ፤ ሁለቴ ማን ያገባል!» ብዬ አሳቅኳት።

የስጦታውን ክር አሰረችው፤ ቀይና ነጭ፣ ጥብቅ ያለ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። በጥርስም አይፈታ። ውበቱን ሳደንቅላት ትርፍ አንድ መረቀችልኝ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ኦክቶበር 12

ስጦታውን ራሴ አደረስኩ። አቶ ሂሩማ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ቋጠሮውን አዩት። ቆይተው አዩት። በጣም የወደዱት ይመስለኛል።

«እንግዲህ እንዲህ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እንዲህ ነው!» አልኳቸው ፈገግ ብዬ።

«የማኅበሩ ሐሳብ ነው?»

«የሁላችንም!»

ሻይ አላቀረቡልኝም። ሥራ በዝቶባቸው ነው።

ኦክቶበር 30

ከፋብሪካው ወሬ የለም። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ለቢሮ የሚላከው የሴንቤ ካርቶንም አልመጣ። ፖስታ ቤት ተሳስቶ ይሆናል።

ቀኝ መንጋጋዬን ቀዝቃዛ ሲነካው ጠቅ ያደርገኛል። አየሩ ነው።

ኖቬምበር 6

ቸኩያለሁ። ዶክተር ኩዋባራ ፋብሪካው ጋ ደጋግመው ደወሉ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ቆይታ «መንገድ ላይ ናቸው»፣ ቆይታ «እነግራቸዋለሁ»። በራሪ ወረቀቱ ተገልብጦ ታተመ። ዶክተር ሲያልፉ «ቶሺኤ ሳን፣ ጉንጭሽ አብጧል ልበል?» አሉኝ። ከረሜላ ነው አልኩ። ከረሜላ አልነበረም። ወደ ማተሚያ ቤት ሩጫ።

ኖቬምበር 8

የሻይ ትሪ ይዤ ደረጃው ላይ ሳለሁ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ በሩ ክፍት ነበር።

«ሴኪ፣ ልጄ፣ እውነት መናገርሽ ደግ ነው» አሉ ዶክተር ኩዋባራ። «ግን ጎንበስ ተብሎ የሚነገር እውነትም አለ። 'እናስብበታለን' ብትያቸው ምን ነበረበት?»

«የማላስብበትን?»

«ሰው እኮ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው አብሮ የሚኖረው።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት ማለት ነው?»

ሻዩ ትሪው ላይ በረደ። አሳዘነችኝ። ግን እውነትም እሷ ናት እኮ! እኔ ያን ያህል ሻይ ቀድቼ፣ ያን ያህል አውርቼ፣ ያን የመሰለ ስጦታ ወስጄ! ልጅ ናት፤ ትማራለች።

ኖቬምበር 15

እማማ ዳይኮኑን ሰቀሉ። ክንድ የሚያህለውን ነጭ ሥር በገመድ እያሰሩ ከጣራው ጠርዝ በታች ያደርቁታል፤ ሲሸበሸብ በርሜል ውስጥ በጨው ይቀብሩትና ድንጋይ ይጭኑበታል። ዓመት በመጣ ቁጥር ይሠሩታል፤ ዓመት በመጣ ቁጥር እኛ ስንቆረጥም ድምፁን ያዳምጣሉ። ዛሬ «የዘንድሮን እኔም እበላለሁ» አሉ። ለእኔ አይደለም የተናገሩት፤ ለዳይኮኑ ነው።

ጠዋት ጠዋት የአፍ ስፖርት አለን። ዶክተር ሴኪ እንዳዘዘችው እኔ «ፓ! ታ! ካ! ራ!» እላለሁ፤ እሳቸው ይከተላሉ። ጎረቤታችን አቶ ኖሞቶ በአጥር አንገታቸውን አስግገው፣

«ቶሺኤ ሳን፣ ዛሬም ከአማትሽ ጋር ተጣላሽ?»

«እያሠለጠንኳቸው ነው!»

«ማን ማንን?»

እማማ ሲሰለቻቸው ጥርሳቸውን አውጥተው ብርጭቆ ውስጥ ይከቱና «እሱ ይሥራ፣ እኔ ልረፍ» ይላሉ። ጥርስ አያስከድኑም። «እማማ፣ በሁለቱም በኩል ነው የሚላመጠው! አንዱን ወገን ብቻ ማሠራት ነውር ነው!» ስላቸው ትኩር ብለው አዩኝ። ምን እንዳዩ እንጃ።

ኖቬምበር 21

አንድ የጥርስ ሳሙና ኩባንያ ዶክተር ሴኪን ኦሳካ ጠርቷታል። ጥሩ ደሞዝ፣ ጥሩ ላቦራቶሪ። እስከ ዲሴምበር 20 መልስ ስጪ ብለዋታል።

«አንቺ ብትሄጂ የእማማን ጥርስ ማን ያስተካክላል?» አልኳት። ድድ ይለዋወጣል፤ ጥርሱ በየወሩ ካልተሞረደ ያቆስላል፤ ያቆሰላቸው ቀን ደግሞ ጥርሱ ወደ ብርጭቆ፣ እሳቸው ወደ አጥሚት።

«ማኅበሩ ገንዘብ ካገኘ አልሄድም» አለች። «ቶሺኤ ሳን፣ ለዚያ ደግሞ በሩን የዘጋሁት እኔው ነኝ።»

ምንም አላልኩም። እኔ! ምንም አላልኩም።

ኖቬምበር 26

ምነው ዛሬን ባልነቃሁ።

እማማ ራት ላይ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ክር ገና ዛሬ ልብ አሉና «ማን አገባ?» አሉ።

«ማንም። የአቶ ሂሩማ ስጦታ የታሰረበት ነው፤ ትርፉ።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «በዚህ ነው ያሰርሽላቸው?»

«ያምራል አይደል?»

«ቶሺኤ። ይህ ለሠርግ ነው። ከሕመም ለተነሣ ሰው ነው። 'አንዴ ይበቃል፣ ዳግም አይምጣ' የሚባልበት ነው። በየዓመቱ ለሚሰጥሽ ሰው እንደ ጫማ ክር የሚፈታው ነው የሚታሰረው፤ ይፈታል፣ ተመልሶ ይታሰራል።»

የማላውቀው ሆኖ አይደለም! አገር ያውቀዋል፣ ሕፃን ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ ግን አፌ ሠርግ ላይ ነበር፤ ልጅቷም የሠርጉን ሰጠችኝ። ዶክተር ሴኪ «ትንሽም» ባለቻቸው በሦስተኛው ቀን ሄጄ፣ ሰውየውን «ከእንግዲህ በቃን» ብዬ፣ እየሳቅኩ! «እንግዲህ እንዲህ ነው?» ሲሉኝ ምን አልኩ? «የሁላችንም!» ምላሴን በቆረጠው።

ባለቤቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ደውዪላቸውና ንገሪያቸዋ» አለ። ለእሱ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።

ኖቬምበር 29

ዶክተር ኩዋባራ ለአንድ የማኅበሩ አባል በስልክ «ወጣቷ ትንሽ ግትር ናት» ሲሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ምን ሆነሻል፣ ያምሻል?» አሉኝ። ዘጋሁት።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ዲሴምበር 1

ነገ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

ዲሴምበር 4

የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ዶክተር ሴኪ አንድ ካርቶን ማስቲካ ይዛ መጣች። «ብሄድ እንኳ ለእማማ በየወሩ ስጫቸው፤ ቀለሙን አይተሽ በስልክ ንገሪኝ» አለች። ከዚያ ጎንበስ አለችልኝ፤ ለእኔ፣ ያውም ዝቅ ብላ። «ያን ያህል ለፍተሽ ለምነሽ ነበር። ልፋትሽን ገደል ከተትኩት። ይቅር በይኝ።»

እግሬ አውጪኝ ብዬ መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

ቤት ስደርስ ለእማማ «ነገ ፋብሪካው ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ» አልኳቸው። ሲሰሙኝ ቆይተው ተነሡና የደህና ቀን ካፖርታቸውን ከቁም ሣጥን አወጡ።

«ለምንድነው?»

«ብቻሽን ከሄድሽ እስኪመሽ ታወሪና ይብስ ታበላሺዋለሽ።»

ዲሴምበር 5

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ቀጠሮ አልነበረንም። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል እማማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የምሄድበት የለኝም፤ እጠብቃለሁ።» አስገቡን።

አቶ ሂሩማ አልተነሡም። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ የሻይ ማፍያው ሣጥን እንደታሸገ፣ እንደታሰረ ተቀምጧል። ሳየው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን አስነካሁ። ከዚያ ጀመርኩ፤ ስለ ሱቋ ልጅ፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ሙሽራው ቁመት...

«ቶሺኤ» አሉ እማማ፣ «ስለ ቁመቱ ተይው።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ምራቴ ወሬኛ ናት። ክፉ ግን አይደለችም። አፏ ሌላ ቦታ ሳለ እጇ የሠርግ ቋጠሮ ገዛ። ማኅበሩ አያውቅም፤ ሐኪሟ ልጅም አታውቅም። ይኸው ነው።»

አቶ ሂሩማ ዞር ብለው ሣጥኑን አዩት። «ሐኪሟ እምቢ ባለችኝ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣው» አሉ። «ትልቅ ኩባንያ አግኝተው ተሰናበቱኝ ብዬ ነበር። ጠይቄ ደግሞ መዋረድ አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ለምን አልጣሉትም?»

«መፍታት አቃተኝ። መቁረጥ ደግሞ አልሆነልኝም።»

እማማ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሴንቤ ሳሕን አዩ። «አባትዎ ይሠሩት የነበረው ወፍራሙ አለ ወይ? የአናጢውን የሺንኪቺን ጥርስ የሰበረው?»

አቶ ሂሩማ ሳያስቡት ሳቁ። «እሱን ማን ይበላዋል ብለን መሸጥ አቁመናል። ለመታሰቢያ ትንሽ አለኝ።» ከመሳቢያ የቆርቆሮ ጣሳ አወጡ። እማማ አንዱን አነሡ። እኔ ውስጤ «ፓ ታ ካ ራ፣ ፓ ታ ካ ራ» ይላል። ባይሆንላቸውስ? ጥርሱ ቢወልቅስ? በሰውየው ፊት!

ቀሽ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእማማ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም ስናያቸው እሳቸው ተረጋግተው፣ በግራም በቀኝም፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ልጅቷ የሠራችው ይህ ነው» አሉ። «ያላየችውን አልናገርም ብትል ተቀየሟት? ያላየችውን የምትናገር ብትሆን ጥርሴን አልሰጣትም ነበር።» ከዚያ ጣሳውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉ። «ይውሰዱ እንጂ።»

አቶ ሂሩማ አንድ ወሰዱ፤ ወደ ሻያቸው አስጠጉ።

«ሳይነክሩ።»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ጆሯቸው ቀላ። ያን ጊዜ ገባኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጣዕም አዋቂ ስላቸው የኖርኩት ሰው! «አንድ የሴንቤ ነጋዴ ጥርስ የለኝም ብሎ የት ይሄዳል?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ዶክተር ኩዋባራ የኋላ በር አላቸው» አሉ እማማ።

ከዚያ አቶ ሂሩማ መቀስ አስመጡና ቋጠሮውን ቆረጡት። በዚያ በሚያስቅ ማፍያ ሻይ ቀድተው ሰጡን። ስለ ገንዘቡ ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስንወጣም አልተናገሩም። እማማን በረዶው ላይ ደግፌ ወደ አውቶቡሱ ስሄድ «ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው፤ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው።

«ድዴን አሞኛል፤ ዝም በይ» አሉኝ።

ዲሴምበር 8

ለሁለቱም ዶክተሮች ነገርኳቸው፤ ቆሜ፣ ሳላስረዝም። ዶክተር ኩዋባራ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ ሳቁን አቆሙና ወደ ዶክተር ሴኪ ዞረው «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ።

ዶክተር ሴኪ አልሳቀችም። «ቶሺኤ ሳን፣ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከ... ትንሽ ቀን በፊት።»

«ጎንበስ ስልልሽ ታውቂ ነበር?»

ወለሉን አየሁ።

«እሺ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አዛውንቶቹ ማዕከል ሄደች። የማስቲካው ቀን ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲሴምበር 14

ስልክ የለም። ደብዳቤ የለም። በረዶ ብቻ። ዶክተር ሴኪ «ደህና አደርሽ» ትለኛለች፤ ከዚያ ሌላ የለም። ኦሳካም መልስ ይጠብቃል። ምድጃውን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። አቶ ኖሞቶ በአጥር በኩል «ዛሬ ጸጥ ብላችኋል፣ ማን ሞተ?» አሉ። ቀኝ በኩሌ ሌሊት ይነዝረኛል። የእጄን ነው።

ዲሴምበር 19

ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው ሹፌር መጣ። ጥቅል አስረክቦኝ ሄደ። አላየሁትም፤ ማየት ፈራሁ። ዶክተር ሴኪ ከእኔ ቀድማ አየችው።

«ቶሺኤ ሳን፣ ቋጠሮውን።»

እንደ ጫማ ክር የታሰረ። ቀይና ነጭ፣ ሁለት ጆሮ ያለው። ከላዩ በአቶ ሂሩማ እጅ «ለሦስተኛው ዓመት» ተብሎ ተጽፏል።

ዶክተር ኩዋባራ ከታች እየሮጡ ወጡ፤ አቶ ሂሩማ ደውለውላቸው ኖሯል። ሦስተኛው ዓመት አለ፤ እሽጉ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። «ሌላም ቀጠሮ ይዘዋል» አሉ ዶክተር፤ «ለማን እንደሆነ አልናገርም፤ በኋላ በር ነው።» ዶክተር ሴኪ ስልኩን አነሣችና ኦሳካ ደወለች። አጭር ነበር። ከዚያ ጥቅሉን አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ለእማማ ውሰጂላቸው። ግን ወዲያው ሂጂ፤ መንገድ ላይ ከማንም ጋር እንዳታወሪ።» ፈገግ አለች፤ ትንሽ፣ ዳር ዳሩን ብቻ፤ ልክ እንደ እማማ ማስቲካ።

ቤት ስደርስ እማማ «አንቺ ፍቺው» አሉኝ። አንዱን ጫፍ ሳብኩ። እሺ ብሎ ተፈታ። መልሼ አሰርኩት። ደግሞ ፈታሁት።

«ስትጫወቺበት ልታመሺ ነው?»

ውስጡ ያ ወፍራሙ ሴንቤ ነው። እማማ ቀሽ አደረጉ፤ ባለቤቴ ቀሽ አደረገ፤ እኔም አንሥቼ ወደ አፌ ወሰድኩ።

«በቀኝ» አሉ እማማ።

«ምን?»

«በቀኝ ንከሺው።»

ሴንቤውን ይዤ ቀረሁ።

«መጸው ሙሉ በግራ ብቻ ስታላምጪ አላየሁሽም መሰለሽ? አንዱን ወገን ብቻ ማሠራት ነውር ነው። ነገ ዶክተሩ ጋ ይዤሽ የምሄደው እኔ ነኝ። ካፖርቴን አውጪልኝ።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ካፖርቱን አወጣሁላቸው።